ክራሩም ሒሳቡም፦ በሸፊልድ የስደተኞች ፌስቲቫል የሥራ ማስታወሻ

ይህን ማስታወሻ የያዝኩት ለኮሚቴያችን ነበር። ሊድስና በርሚንግሃም ያሉ ወዳጆች ግን "ገንዘቡን ከየት አገኛችሁት? እንዴት ጻፋችሁት?" እያሉ ይጠይቁኛል። ስለዚህ እንዳለ አወጣሁት። ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕቴምበር 14፣ 2024

እንቁጣጣሽ ረቡዕ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ በሸፊልዱ በርንግሪቭ ሰፈር በተለመደው አዳራሽ ተገናኘን። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ሐበሻ ይበዛል፤ ሱዳናውያን፣ አንድ ሶርያዊና ሁለት አፍጋናውያንም አሉ። ጥያቄው አንድ ነው። በሚመጣው ሰኔ ፌስቲቫል እናድርግ ወይስ ይቅርብን?

"ይቅርብን" ያሉት ምክንያት አላቸው። ኦገስት 4 ገና ከልባችን አልወጣም። ሮዘራም አጠገብ፣ ማንቨርስ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉበትን ሆቴል ሰዎች ከበቡት። መስኮት ሰበሩ። መውጫው ላይ እሳት ለኮሱ። ሰዎቹ ውስጥ ነበሩ። ከእኛ ሰፈር ሮዘራም በአውቶብስ ይኬዳል። ከመካከላችን አንዱ እዚያ ሆቴል ውስጥ ጓደኛ ነበረው። ያን ቀን ስልኩን ከጆሮው አላወረደም።

እትዬ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። እትዬ የጥልፍ አስተማሪያችን ናቸው፤ ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንጠራቸው። በመጨረሻ "በሦስተኛው ቀን ደግሞ ስንት ሺህ ሰው ለእኛ ብሎ አደባባይ ወጣ። እነሱንስ መቼ ነው ቡና የምናጠጣቸው?" አሉ። እውነት ነው። ኦገስት 7 በብዙ የእንግሊዝ ከተሞች ሕዝብ ወጥቶ ነበር።

እጅ አወጣን። ስምንት ለሦስት። እንሠራለን።

ቀኑ ላይ ክርክር አልነበረም። ጁን 20 የዓለም የስደተኞች ቀን ነው፤ በእኛ ሰኔ 13። በእንግሊዝ ያ ሳምንት ከ1998 ጀምሮ የስደተኞች ሳምንት ተብሎ ይከበራል። የሚያስተባብረውም ካውንተርፖይንትስ አርትስ የተባለ ድርጅት ነው። ብዙዎቹ ያላወቁትን አንድ ነገር ነገርኳቸው። ይህ ቀን መጀመሪያ የአፍሪካ የስደተኞች ቀን ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በ1969 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ። በሥራ ላይ የዋለው ጁን 20፣ 1974 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን ለዓለም ያደረገው ከ2001 ጀምሮ ነው። ሱዳናዊው ጓደኛችን "ከእናንተ ከተማ የወጣ ቀን ነው በለኛ!" አለ። ደስ አለኝ።

ኦክቶበር 5

ዛሬ የአምናውን ውድቀት ዘርግተን አየነው። አምና ለአንድ የበጎ አድራጎት ፈንድ አመልክተን ነበር። አልሰጡንም። መልሳቸው አጭር ነበር፤ አንዷ ጥያቄ ግን አልለቀቀችኝም። "አርቲስቶቹ እነማን ናቸው?"

የጻፍነውን ደግሜ አነበብኩት። "የባህል ምግብ፣ የባህል ልብስ፣ የባህል ሙዚቃ።" የአንድም ሰው ሙያ የለበትም። ባጀቱ ላይ ለመድረክና ለሳውንድ ገንዘብ አለ። ለድንኳን ኪራይ አለ። ለሙዚቀኞቹ ግን ዜሮ። "በጎ ፈቃደኞች" ብለን አልፈናቸዋል። ድንኳን አከራዩ ይከፈለዋል፤ አሥራ አምስት ዓመት ክራር የተጫወተ ሰው ግን በምሳ ይሸኛል። እኛው ራሳችን ባለሙያ አላልናቸውም። ታዲያ ፈንዱ እንዴት ባለሙያ ይበላቸው?

ዘንድሮ ከባጀቱ ነው የምንጀምረው። በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው የባለሙያው ክፍያ ነው። ይህን ዛሬ ተስማማን።

ኦክቶበር 19

የት እናመልክት? አርትስ ካውንስል ኢንግላንድ መረጥን። ለማያውቁት፦ የመንግሥትንና የሎተሪን ገንዘብ ለኪነ ጥበብ የሚያከፋፍል ተቋም ነው። የአርትስ ካውንስል ሥራ በ1946 በንጉሣዊ ቻርተር ተጀመረ። ይሄኛው እንግሊዝን ብቻ ይመለከታል። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አላቸው። ግላስጎ ወይም ካርዲፍ ያላችሁ ወደዚያ ነው።

ለእኛ የሚስማማው "ናሽናል ሎተሪ ፕሮጀክት ግራንትስ" የሚባለው ነው። በአሁኑ (በ2024) አሠራር ከ1,000 ፓውንድ ጀምሮ ይጠየቃል። እስከ 30,000 ፓውንድ ላለው የራሱ መንገድ አለው፤ ከዚያ በላይ ለሚጠይቅ ሌላ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ቢያንስ 10 በመቶው ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት። ውሳኔ ሳይሰጥ የጀመሩትን ሥራ አይከፍሉም። ይህን አስምሩበት። "እንጀምረውና እናመልክት" አይሠራም።

በዚሁ አሠራር መጀመሪያ የአመልካች መገለጫ ይከፈታል። እስኪረጋገጥ እስከ አሥር የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል። ማመልከቻውን መጻፍ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። የባንክ ሒሳቡ ስም ከማኅበሩ ስም ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት። የእኛ አንድ ቃል ይጎድለው ነበር። ባንክ ሄደን አስተካከልን። አሥራ ሁለት ቀን በላ።

ኦክቶበር 26

ያልጠበቅኩት ውይይት። አንዲት የሱዳን እናት እጅ አወጡ። "የሎተሪ ገንዘብ ነው ወይ?" ነው አልኩ። ከ1994 ጀምሮ ብሔራዊ ሎተሪው ከሚሸጠው ትኬት የተወሰነው ለበጎ ሥራ ይውላል፤ ኪነ ጥበብም ከዚያ ይደርሰዋል። እሳቸው "ቁማር ነው፣ እኔ አልነካውም" አሉ። ከእኛ ወገን ሁለት የጴንጤ ልጆች አብረዋቸው ቆሙ። ጋሼ የምንላቸው አባላችን ደግሞ፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ "የተሸጠው ተሸጧል፤ ለደግ ነገር ቢውል ምን አለበት?" አሉ።

ማንንም ማሳመን አልፈለግንም። የሰው ሃይማኖት በባጀት አይታጠፍም። መላው ይህ ሆነ፦ ከሌላ ምንጭ የምናመጣው ገንዘብ በተለየ መዝገብ ይያዛል። የሴቶቹ የሄና እና የተረት ድንኳን ከዚያ ብቻ ይከፈላል። የሒሳብ ሥራው ይጨምራል። ይጨምር። እኚያ እናት ከሌሉበት ፌስቲቫሉ የማን ነው?

ኖቬምበር 9

የባጀት ቀን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት። አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ አለቀ።

ጠቅላላ 18,800 ፓውንድ። ከአርትስ ካውንስል የምንጠይቀው 16,400። ከሌላ የሚመጣው 2,400፤ ወደ 13 በመቶ ነው። እሱም 1,000 ከአንድ የአካባቢ በጎ አድራጊ፣ 800 ከሰፈሩ የካውንስል (የከተማው አስተዳደር) ገንዘብ፣ 600 ደግሞ እኛው ከእንጀራ ሽያጭ የምናወጣው።

ለአሥራ ስድስት ባለሙያዎች ለእያንዳንዱ 250 ፓውንድ፤ 4,000። ለስምንት ቅዳሜ የክራር ሥራ ስልጠና፣ ለሁለት አስተማሪ በቀን 150፤ 2,400። ቀሪው መድረክ፣ ሳውንድ፣ ቁሳቁስ፣ አስተባባሪ፣ መድን፣ ትርጉም፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ትራንስፖርትና መጠባበቂያ ነው። የበጎ ፈቃደኞች ጉልበት "በዓይነት" በሚለው ቦታ ለብቻው ይመዘገባል። ከጥሬ ገንዘቡ ጋር አትደባልቁት።

ከዚያ ወደ ከባዱ ጉዳይ ደረስን።

ከአሥራ ስድስቱ አንዱ የክራር ተጫዋቻችን ነው። ኬዙ፣ ማለትም የጥገኝነት ጥያቄው፣ አልተወሰነም። ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ) መልስ እስኪሰጠው ሥራ መሥራት አይችልም። አንድ ምሽት በ250 ፓውንድ መጫወትም ሥራ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የጠበቀ ሰው የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ እሱም በዝርዝር ለተያዙ ሙያዎች ብቻ። እሱ ገና ሰባት ወሩ ነው። ምግብ በማይቀርብበት ማደሪያ ያለ ሰው በዚህ ዓመት (2024) በሳምንት የሚሰጠው 49.18 ፓውንድ ነው። በቀን ሰባት ማለት ነው። የደርሶ መልስ አውቶብስ ከግማሽ በላዩን ይበላል።

"በእጁ እንስጠው" ያለ ሰው ነበር። አይሆንም። ቢታወቅ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ኬዙ ላይ ይመጣበታል። የስደተኛ ጉዳይ የምታማክር ጠበቃ ጠየቅን። መልሷ ግልጽ ነው። ለተመዘገበ በጎ አድራጎት በፈቃዱ ማገልገል ይችላል። ያወጣውን የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ በደረሰኝ መመለስ ይቻላል። ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብም ስጦታም ክፍያ ይሆናል።

ስሙን ከባጀቱ ላውጣው ወይ ብዬ ራሱን ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበ። "ዋጋዬ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ወረቀት ካገኘሁ ትከፍሉኛላችሁ፤ ካላገኘሁ ለሌላ ነገር አውሉት" አለኝ። መስመሩ እንዳለ ቀረ። አጠገቡ "ፈቃድ ካገኘ" ብዬ ጻፍኩ።

ዲሴምበር 2

ማመልከቻው ገባ። ማታ አራት ሰዓት ላይ።

ለሌሎች የሚጠቅም ነገር ልጻፍ። አርትስ ካውንስል ከ2020 እስከ 2030 የሚመራበት ዕቅድ አለው፤ "ሌትስ ክሪየት" ይሉታል። የሚያየው በአራት መርሆች ነው፦ ምኞትና ጥራት፣ አካታችነትና አግባብነት፣ ተለዋዋጭነት፣ የአካባቢ ጥበቃ። ብዙ የእኛ ሰዎች ሁለተኛው ላይ ብቻ ይቆማሉ። "እኛ ስደተኞች ነን፣ አካታች ነን" ብለው ይጽፋሉ። ይህ አይበቃም፤ ደግሞም ራስን ማሳነስ ነው። ጥራቱን ጻፉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ምን እንደሆኑ ጻፉ። ክራር ተጫዋቹና ዑድ (የዓረብ ባለ ጅማት መሣሪያ) ተጫዋቹ አብረው ምን አዲስ ነገር እንደሚሠሩ ጻፉ። እኛ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ገጽ በሙሉ ለዚህ ሰጠነው። "ስደተኛ" የሚለው ቃል የገባው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

ፌብሩዋሪ 11፣ 2025

ተፈቀደ።

ኢሜይሉን አውቶብስ ውስጥ ነው ያየሁት። እትዬ ጋ ደወልኩ። እልል አሉ። አጠገቤ የተቀመጡት እንግሊዛዊት ሴትዮ ዞር ብለው ፈገግ አሉልኝ።

ገንዘቡ በአንዴ አይመጣም። አብዛኛው መጀመሪያ ይለቀቃል፤ ቀሪው የመጨረሻ ሪፖርት ሲጸድቅ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሚከፈል ወጪ ካለ ከወዲሁ ማሰብ ነው። የዘንድሮው የስደተኞች ሳምንት መሪ ቃል "ማኅበረሰብ እንደ ታላቅ ኃይል" ነው። ለእኛ ጥሩ ገጠመ።

ማርች 8

ሁለቱም ጾም ገብቷል። ረመዳን ማርች 1 ጀመረ፤ ዐቢይ ጾም ከዚያ በፊት ፌብሩዋሪ 24። ስልጠናውን አሁን እንጀምር ያለ ነበር። ሰው ጾሙን ውሎ ቆዳ ሲወጥር አይታየኝም። ከፋሲካ በኋላ፣ ኤፕሪል 26 እንጀምራለን። እስከ ጁን 14 ልክ ስምንት ቅዳሜ አለ።

በዚህ መሀል የወረቀት ሥራ። ፌስቲቫሉ አቢፊልድ ፓርክ ነው፤ የካውንስሉ ፓርክ ስለሆነ የዝግጅት ማመልከቻ፣ የአደጋ ስጋት ግምገማ፣ የሕዝብ ተጠያቂነት መድን (ሰው ቢጎዳ የሚከፍል)፣ የቦታ ካርታ። ለመድረኩ ጊዜያዊ የዝግጅት ማስታወቂያ የሚባለውን ፎርም ለካውንስሉ አስገባን። ዋጋው 21 ፓውንድ ነው። በአንድ ጊዜ ከ499 ሰው መብለጥ አይቻልም፤ ሠራተኛውም ይቆጠራል። ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን ሲቀረው ይገባል። በዚያው ፎርም መጠጥ መሸጥም ይፈቀዳል። ጠጅ ይኑር ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ቀኑ የልጆችም ነው፣ ሙስሊም ጓደኞቻችንም አሉ። ብርዝ በቂ ነው ተባለ።

ከፖሊስ ጋርም ተቀመጥን። ከኦገስቱ በኋላ ይህን በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም። ሁለት መውጫ ሳይሆን አራት መውጫ ያለው ካርታ ሠራን። በየመውጫው ሁለት አስተናባሪ። ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከመንገዱ ራቀ። ስብሰባው ላይ የመጣችው ፖሊስ ካርታውን አይታ "ይህን የሠራው ማነው?" አለች። የሠራው ሀገሩ ሳለ መሐንዲስ የነበረ አፍጋናዊ ነው። እሱም ኬዝ ላይ ነው።

ማርች 22

የባንዲራ ነገር። መምጣቱ አይቀርም ነበር።

የትኛው የኢትዮጵያ ባንዲራ ይሰቀል? ኤርትራውያኑስ የትኛውን? ሶርያዊው ራሱ "የእኛም በቅርቡ ተቀይሯል" አለ። በ2023 ጊሰንና ስቶክሆልም በኤርትራ ፌስቲቫሎች ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰው ተጎድቷል። ያንን እዚህ ማየት የሚፈልግ የለም።

ሁለት ሰዓት ተከራከርን። ድምፅ ከፍ አለ። አንዱ ወጥቶ ተመለሰ። ውሳኔው፦ መድረክ ላይ የማንም መንግሥት ባንዲራ አይሰቀልም። ባንዲራ ለብሶ የመጣን እንግዳ ግን ማንም አይነካም። የመድረኩ ጀርባ ጨርቅ ይሆናል፤ ከየሀገሩ ጥለትና ጥልፍ ተሰፍቶ። ስፌቱን እትዬ ይመሩታል። አንዲት ወጣት ኤርትራዊት ስታኮርፍ ቆይታ "የእናቴን ነጠላ ጥለት አመጣለሁ" አለች። የሚገርመው፣ አመጣችና ከአንዲት የጎንደር ሴት ጥለት ጎን ተሰፋ። የቱ የማን እንደሆነ ከሩቅ አይለይም።

ሜይ 10

የክራሩ ስልጠና ሦስተኛ ሳምንት። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አሥራ ሁለት ክራር እየሠራን ነው። ገበቴው ከወጥ ቤት የብረት ጎድጓዳ ሳህን ነው። ሸፊልድ የብረት ከተማ ናት፤ በ1950ዎቹ የመኖች ለብረት ፋብሪካው ሥራ የመጡት ወደዚሁ ሰፈር ነበር። ሳህኑን ያገኘነው ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ እያንዳንዱን በሁለት ፓውንድ። ምሰሶዎቹና ቀንበሩ የወለል እንጨት ትርፍራፊ ናቸው። ቆዳው የፍየል፤ ከበሮ ሠሪዎች ከሚገዙበት። ጅማቱ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው፤ በሦስት ውፍረት።

ቆዳው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ለስልሶ ይወጣል። ሳህኑ ላይ ተወጥሮ ከኋላ በገመድ ይጠፈራል። ከዚያ ትዕግሥት ነው። ሁለቱን ቶሎ እንዲደርቁ ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥናቸው። ሁለቱም ተሰነጠቁ። ክራር ተጫዋቻችን "ቆዳ አይቸኮልበትም" አለና እንደገና ነከረ። ሌሎቹ ጥላ ውስጥ አራት ቀን ወሰዱ። ድምፃቸው ሙሉ ሆነ።

ስልጠናው ላይ እሱ አያስተምርም፤ አስተማሪ ክፍያ አለበትና። አስተማሪዎቹ ወረቀት ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። እሱ እንደማንኛውም ሰው ሠልጣኝ ሆኖ ይመጣል፣ የራሱን ክራር ይሠራል፣ የአውቶብሱ ይመለስለታል። ሰው ሁሉ ግን ሲቸግረው ዞሮ እሱን ያያል። ይህ እንዴት እንደሚከብድ መጻፍ አለብኝ። ባለሙያ ሰው እጁን ሰብስቦ ሲቀመጥ ማየት ያማል።

ሜይ 24

ዛሬ ክራሩና ዑዱ ተገናኙ። መጀመሪያ አልተጣጣሙም። ዑድ ተጫዋቹ በሚወደው መቃም (የዓረብ ቅኝት) ውስጥ የእኛ ቅኝት የሌለው ድምፅ አለ። ክራሩ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። ያስታረቃቸው ሱዳናዊው ዘፋኝ ነው። የሱዳን ዘፈን በብዛቱ እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ነው፤ ለዚህም ነው ካርቱም ላይ የእኛ ዘፈን፣ አዲስ አበባ ላይ የእነሱ ዘፈን የሚወደደው። እሱ ባቲ ላይ ገብቶ ማንጎራጎር ጀመረ። ዑድ ተጫዋቹ አዳመጠ፣ ሁለት ድምፅ ተወ፣ ከታች በዝግታ ገባ። ክራሩ ተከተለ።

ማንም አላወራም። ያን አሥር ደቂቃ በስልክ ቀድቼዋለሁ። ለመጨረሻው ሪፖርት አብሮ ይላካል።

ሜይ 31

ምግብ። ፌስቲቫሉ የሚውልበት ቅዳሜ ጁን 21 የሰኔ ጾም ውስጥ ነው። ጾሙ ጁን 9 ይገባል። ሥጋ ከሆነ ደግሞ የማን እርድ የሚለው አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም የራሱን ነው የሚበላው። በያይነቱ ሁሉንም ፈታው። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። አፍጋኖቹ የድንች ቦላኒ፣ ሱዳኖቹ ፉል።

እዚህ ሀገር አሥራ አራት የአለርጂ ምግቦች አሉ፤ መገለጽ ግዴታ ነው። እንጀራችን "ጤፍ ስለሆነ ግሉተን የለውም" ብሎ ለመጻፍ የቸኮለ ነበር። ቆይ አልኩ። እዚህ የምንጋግረው እንጀራ ውስጥ ገብስም የስንዴ ዱቄትም አለ። ያ ጽሑፍ ሰው ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። ከጤፍ ብቻ የተጋገረው በሌላ ምጣድ፣ በሌላ ሳጥን፣ በሌላ ጠረጴዛ ሆነ። ሰናፍጩና ሰሊጡም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ቡናው ከአዳራሽ ወጥቶ ሜዳ ላይ ነው። ከሰል ቤት ውስጥ ጭሱ ብቻ አይደለም፣ ጋዙም ሰው ይገድላል። ድንኳን ሥርም አይፈቀድም። ስለዚህ ረከቦቱ ሣር ላይ፣ ከድንኳን ርቆ፣ አጠገቡ የውኃ ባልዲ።

ጁን 7

የአረፋ ማግስት ነው። ግማሹ ሰው አልመጣም፤ ማስላት ነበረብን። የመጡትም ጣፋጭ ይዘው መጡ።

ክራር ተጫዋቻችንም አልመጣም። እሱ ግን ለበዓል አይደለም። የመኖሪያ ቦታው ተቀይሮ ኒውካስል ተወስዷል። ለጥገኝነት ጠያቂ ማደሪያ የሚሰጠው ያለ ምርጫ ነው፤ ተነሣ ሲባል ይነሣል። ክራሩ አዳራሹ ውስጥ ቀረ። ጅማቱን የሚደግፈው ብርኩማ ገና አልተሰካም።

ደወልኩለት። "እመጣለሁ" አለ። ከዚያ ሌላ ብዙ አልተናገረም።

ጁን 14

የመጨረሻው ስልጠና። አሥራ አንድ ክራር ተቃኝቷል። አሥራ ሁለተኛውን ማንም አልነካም።

ባጀቱን አሻሻልኩ። የእሱ 250 ወደ ጥገኝነት ጠያቂዎች ትራንስፖርት ዞረ። ከሸፊልድ ወጥተው የተበተኑ ስድስት ሰዎች አሉ። የባቡርና የአውቶብስ ቲኬታቸው ከዚያ ይሸፈናል።

ጁን 21

በጣም ሞቀ። በመላው እንግሊዝ የሙቀት ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውኃ ለመግዛት ከመጠባበቂያው 180 ፓውንድ ወጣ። ተጨማሪ ጥላ ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያንና ከመስጊዱ ተዋስን።

ሙቀቱ ክራሮቹን አስቸገረ። ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳው ይወጠራል፣ ድምፁ ይወጣል። ናይለኑ ደግሞ ይላላል። በየሃያ ደቂቃው መቃኘት ነበረብን። ሁሉንም ጥላ ውስጥ አስገብተን፣ መድረክ ሊወጡ አምስት ደቂቃ ሲቀር ብቻ ማውጣት ጀመርን።

ቀኑን ሙሉ 860 ሰው ገባ። በአንድ ጊዜ ከፍተኛው 410። ችግር አልነበረም። አራቱም መውጫ ላይ አስተናባሪዎቹ እስከ ማታ ቆሙ። የእትዬ ጨርቅ ከመድረኩ ጀርባ ተሰቅሎ ሰው ሁሉ እዚያ ፎቶ ተነሣ። በኦገስቱ ሆቴል ጓደኛ የነበረው ልጅ፣ ያን ጓደኛውን ይዞ መጣ።

ክራር ተጫዋቻችን ስምንት ሰዓት ላይ በሰሜን በኩል ገባ። ላብ በላብ ሆኗል። ክራሩን አመጣሁለት። ሣር ላይ ተቀምጦ ብርኩማውን ሰካ፣ ጅማቱን ወጠረ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ቃኘ። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ ዑዱና ሱዳናዊው ዘፋኝ መድረክ ላይ ጠሩት። ባቲ ተጫወቱ። እናቶች ከቡናው ተነሥተው መጡ። እልልታው እስከ መንገዱ ተሰማ።

ጁላይ 19

ሪፖርት። ስንት ሰው፣ ስንት ባለሙያ፣ ምን ወጣ፣ ምን ገባ። አሥራ አምስት ባለሙያ ተከፍሏል። ሁሉም ደረሰኝ ሰጥተዋል። የሄናው ድንኳን ወጪ በተለየ መዝገብ፣ ከሎተሪው ሳይነካ ተዘጋ። እኚያ የሱዳን እናት መዝገቡን ራሳቸው አይተው ፈረሙ። ከመጠባበቂያው 210 ፓውንድ ተርፏል፤ ይገለጻል።

ሠልጣኞቹ የሠሩትን ክራር ወስደዋል፤ ሁሉም እኩል፣ እሱም ጭምር። ጠበቃዋን ደግሜ ጠይቄያለሁ። ሠልጣኝ ሁሉ የሚወስደው የስልጠና ሥራ እንጂ ክፍያ አይደለም ብላለች።

አሥራ ስድስተኛው መስመር ላይ ክፍያ ዜሮ ነው። ማስታወሻ በሚለው ቦታ እንዲህ ጻፍኩ፦ "የክራር ባለሙያ። የተገመተ ክፍያ 250 ፓውንድ። በሕግ ምክንያት አልተከፈለም። በፈቃዱ አገልግሏል።" ከሥሩ ቲኬቱን አያያዝኩት፦ ኒውካስል - ሸፊልድ፣ ጁን 21፣ ደርሶ መልስ።